ሲሄድ ያልተነሳንለት ሰው

ባለፈው ሰሞን አቶ ደምሴን ደብረ ሲና ላይ አገኘሁት። በሕይወት አለ! እኔ እንኳ ከሞተ የቆየ መስሎኝ፣ በወሬ መሀል ስሙ ሲነሳ "ነፍሱን ይማረው" ለማለት አፌን ከፍቼ እተወው ነበር። ለዓይኔ ሕክምና አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ ነው። ሚኒባሱ እንደ ልማዱ ቆሎ ሻጮቹ ዘንድ ቆመ፤ ሴቶቹም እንደ ልማዳቸው በየመስኮቱ ተረባረቡ። ብርዱ ያው የደብረ ሲና ብርድ ነው፤ እኛን ቆላ የከረምነውን ሲያገኝ ይብስበታል። ወረድ ብዬ እግሬን ሳፍታታ፣ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ አየሁ። ፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል። ያወቅሁት በትከሻው ነው። ግራው ከቀኙ ዝቅ ያለ ነው፤ ኮት በሰፋሁለት ቁጥር ለዚያ ትከሻ ጨርቅ እየደረብኩ ስንት ዓመት አስተካክያለሁ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ ደምሴ" አልኩት።

ቀና ብሎ ዓይኑን አጨናበሰ። "ማነህ አንተ?"

"ወርቁ ነኝ። የሸዋ ሮቢቱ ልብስ ሰፊ።"

"አሃ! ያ ወሬኛው!" ብሎ ሳቀ። ጥርስ የለውም፤ ሳቁ ግን ያው ነው። "አለህ እንዴ አንተ?"

"እኔስ አለሁ፤ የሚገርሙትስ እርስዎ ነዎት።" አንቱ ማለቱ ከበደኝ፤ ግን የሰው ሽበት ነው፣ ምን ይደረጋል። እዚህ ስጽፍ ግን አንቱ አልለውም፣ ይቅር ይበለኝ።

"አልገደላችሁኝማ!" አለና በከዘራው መሬቱን መታ መታ አደረገ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። ያን ቀን ግን ሳቁ ከየት ይምጣ? ትልቋ ልጄ ፀዳለ የወረዳ አስተዳዳሪ ሆና ከተሾመች ገና ዓመት አልሞላትም፤ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከወንዝ ማዶ የተጣሉ መንደሮችን ልታስታርቅ ልትቀመጥ ነበር፣ ያለ ጠመንጃ፣ ያለ ጠባቂ። ይህን በስልክ የሰማሁት ሐኪም ቤት ወረፋ ይዤ ሳለሁ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ ስለ ዓይኔ የነገረኝ አንድም ነገር ጆሮዬ አልገባም። ልጅቷ ስትሾም ሰው ሁሉ "እንኳን ደስ ያለህ" ሲለኝ፣ እኔ የሰጋሁት ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ። ወደ ኋላ ስሄድ ደግሞ ቶሎ አልመለስም። ባለቤቴ አስካለ "አንተ ሰው፣ ለአንድ ቁልፍ የሙሉ ካፖርት ወሬ ታወራለህ" ትለኛለች፤ እውነቷን ነው።

ሸዋ ሮቢት ያን ጊዜ እንደ ዛሬው አልሰፋችም። አስፋልቱ መሀሏን ሰንጥቆ ወደ ደሴ ይሄዳል፤ ግራና ቀኙ የቆርቆሮ ቤት ነው፣ ከቤቶቹ ጀርባ ብርቱካኑና ሙዙ፣ ከዚያ ወዲያ ማሽላው፣ ከማሽላው ወዲያ ሙቀት ብቻ። እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ ጋቢ ለብሼ ወረድኩ፣ ብዙም ሳልቆይ ጋቢዬን ሸጥኩት። ሱቄ ከነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት፣ የጭነት መኪኖች ጎማ የሚያስነፉበት ማዕዘን ላይ ነበረች፤ ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ሞባይል ይሸጣሉ። ካኪ ሜትሩ ሁለት ብር፣ አቡጀዲ ከዚያም በታች፣ ሱሪ መስፊያ ብር ከሃምሳ፤ አሁን በዚያ ገንዘብ መርፌም አይሰጡህ። የከተማው ጎረምሳ ሁሉ እግሩ መሬት የሚጠርግ ሱሪ ያሰፋ ነበር፤ በአጠገብህ ሲያልፍ የፍየል መንጋ ያለፈ ያህል አቧራ ያስነሳል። የገጠሩ ሰው ደግሞ የሽርጡን ጫፍ ሊያስመታ ይመጣና ሙሉ ቀን አግዳሚዬ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ከጎኔ ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮውን ጠዋት ከከፈተው አይዘጋውም። የፍቅር ዘፈን ሲመጣ እግሬ መርገጫው ላይ ይዘገያል፣ የጭፈራ ሲመጣ ይሮጣል፤ ስንቱን ሱሪ በዘፈን ምክንያት አጣምሜአለሁ መሰላችሁ። በገበያ ቀን ከደጋው ባቄላና ቅቤ ይወርዳል፣ ከበረሃው ግመልና ፍየል ይወጣል፣ ወንዱም ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ ነው። ያለ ጠመንጃ ገበያ የወጣ ሰው ሱሪውን ረስቶ የመጣ ያህል ይታይ ነበር።

አቶ ደምሴ ወረዳውን ሊያስተዳድር የመጣው በዚያ ወራት ነው። በየትኛው መንግሥት ነው አትበሉኝ፤ መንግሥቱን እረሳዋለሁ፣ ኮቱን ግን አልረሳም። ግራጫ፣ ባለ ሦስት ቁልፍ፣ ከውስጥ በኩል በግራ ጎኑ የሽጉጥ ኪስ ያለው፣ ኪሱ ውስጥ ስስ ቆዳ የተደረበበት። "ወርቁ፣ እጅ ቶሎ የሚያስገባ አድርገው" ይለኛል፤ እኔም አደርገዋለሁ። ይህ ሰው ያልሠራው ግፍ አልነበረም። በሬው ማሳ ገባ ብሎ ገበሬ ያስራል፤ ፍየል ካልመጣለት አይፈታም። መንገድ ላይ ቆሞ ሰላምታ ያልሰጠውን ሰው በዚያ ሐሩር ፀሐይ ላይ ያቆማል። ክርስቲያኑ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይረግመዋል፣ እስላሙ ከመስጊድ ሲወጣ ይረግመዋል። እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚያ ሁሉ በተጣላ አገር ውስጥ ሰውን ያስማማ ነገር ቢኖር እሱን መርገም ብቻ ነበር። በየገበያው ቀን "ዛሬ ይደፉታል፣ አይተርፍም" እንባባላለን። ጠመንጃው በየትከሻው አለ፣ ጥላቻው አለ፣ እሱም በገበያው መሀል እየተንጎራደደ ያልፋል። ማንም አልነካውም። ደረጃው ከፍ ብሎ ሲዛወር እንኳ ከተማው አዋጥቶ በግ አርዶ ሸኘው፤ እኔም አዋጥቻለሁ፣ ምን ላድርግ!

በእሱ እግር የመጣው አቶ አየነው ነው። የጎጃም ሰው፣ ቀጭን፣ ክርኑ ያለቀ ጃኬት የለበሰ፣ አንድ ሣጥንና አንድ ፍራሽ ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ አስተማሪ መስሎን ነበር። ኮት ሊያሰፋ መጣ። እኔም ልማዴ ነውና "ለሽጉጡ ኪስ በየትኛው በኩል ላድርግልዎ?" አልኩት። ወገቡን የያዝኩበትን ሜትር እያየ ሳቀ። "ለመሀረብ አድርግልኝ ወንድሜ። ይኼ ሙቀታችሁ ነው እኔን የሚገድለኝ፣ ሌላው ይቆየኝ" አለኝ። እኩያዬ ነበር፤ "አንተ በለኝ" ብሎ አንቱታዬን አስጣለኝ። ከሥራ ሲወጣ አግዳሚዬ ላይ ይቀመጣል፤ ብርቱካን መላጥ አያውቅበትም፣ እጁን ሁሉ ያጨማልቃል። ፀዳለ ያን ጊዜ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧት የልጣጭ መነጽር ይሠራላታል። ሰው ችግሩን ሲነግረው ጭንቅላቱን ወደ አንድ ወገን ዘመም አድርጎ ያዳምጣል። ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ እኔ ስለምበቃ ነው መሰል።

በዚያ ዘመን ከወንዙ ማዶ ሁለት መንደሮች ደም ተቃብተው ነበር። ስማቸውን አልጠራም፣ የዚያን ጊዜዎቹ ልጆች ዛሬ እንደገና በአንድ ባጃጅ ይሳፈራሉና፤ የላይኞቹና የታችኞቹ ልበላቸው። ነገሩ በከብት ማጠጫ ውኃ ተጀመረ፤ ከዚህ አንድ ወደቀ፣ ከዚያ አንድ ወደቀ፣ ከዚያ በኋላ ውኃውን ያነሳውም የለ። አቶ ደምሴ ከሁለቱም ወገን ያስርና ከሁለቱም ወገን ይቀበል ነበር። አቶ አየነው ግን አበጋሩ ዘንድ ሄደ። አበጋር ማለት በእኛ ቆላ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሥራ ነው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ቃሉን ያከብራል። የዚያን ጊዜው አበጋር ይመር ነበሩ፣ ነጭ ጥምጣማቸው ከርቀት የሚታይ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ከሹክሹክታ የማያልፍ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ለእርቅ የተቀመጠ ሰው ብረት አይዝም፤ ጠመንጃው ሁሉ ከወንዙ ወዲህ ይቀመጣል። ዱአው ተደርጎ ሁለቱ ወገን ከታረቀ በኋላ አስታራቂዎቹ ቀድመው ተነስተው ይሄዳሉ። እነሱ ወንዙን እስኪሻገሩ ታራቂው ሁሉ ከተቀመጠበት አይነሳም። ከተነሳ፣ "ቃሉ አልረጋልንም፣ እርቁን አልተቀበልንም" ማለት ነው።

አቶ አየነው ይህን ሲሰማ "የእኔ ጠባቂዎችስ?" ብሎ ጠየቀ።

"መንግሥት ከነጠመንጃው ነው የሚመጣ፣ አንከለክለውም" አሉት አበጋር ይመር።

"እንግዲያስ እንደ መንግሥት አልመጣም፤ እንደ እናንተ ነው የምመጣው" አለ።

ጠባቂዎቹን መሻገሪያው ላይ አስቀምጦ በዚያች እኔ በሰፋኋት ኮት ብቻውን ተሻገረ። እኔም ከከተማው ሰው ጋር ሄጄ ነበርና በዓይኔ አየሁት። ሁለቱም ወገን አፍጥጦ አየው። አስተዳዳሪ ያለ ጠመንጃ አይተው አያውቁማ! ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ፤ ልጇ የሞተባት የላይኞቹ እናት ተነስታ፣ ልጇ የሞተባትን የታችኞቹን እናት አንገት አቅፋ አለቀሰች፤ ወንዱ ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ከዚያ በኋላ ያለችው ወቅት! ገበያው ሞላ። የላይኞቹ በሬ ለታችኞቹ አረሰ። ጥይት አንዱ በስንት ይሸጥ እንደነበር የሚያውቅ ያውቃል፤ ዋጋው ወርዶ ወርዶ ሰው በነፃም አልፈልግም እስኪል ደረሰ። ከቆዳ ተራ ጀርባ ጥይት የሚቸረችሩት ሰዎች ዝንብ እሽ ሲሉ ይውላሉ፤ የተዘረፈ ከብት በርካሽ ገዝተው ወደ ላይ የሚነዱት ደላሎችም ሥራ ፈቱ። እኛ እናልፍባቸውና "ገበያ እንዴት ነው?" እያልን እንቀልድባቸዋለን። በሠርግ ወራት ልጃገረዶቹ እየተቀባበሉ የሚሉት ነበር፦

ጠመንጃውን ትቶ ከወንዙ ማዶ፣
ማን ይመጣል ደግሞ እንዲህ ሰውን ወዶ።

አየነው ሲሰማው ፊቱ ይቀላል፣ ሰው ሲስቅበት ደግሞ ይብስበታል። ሌሎች መንደሮችም እየመጡ "እኛንም አስታርቀን" ይሉት ጀመር፤ ይሄዳል፣ ያለ ጠባቂ፣ በዚያው መንገድ። በእርቅ ቀን አስተዳዳሪው ብቻውን በወንዙ ዳር ብርቱካን መሀል እንደሚያልፍ ማንም የሚያውቀው ነገር ሆነ። እኛ በፍቅር አወቅነው። ሌላው ደግሞ በሌላ ሆድ አወቀው።

የመጨረሻዋን ቀን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይደነግጣል። እንደ ልማዱ የላይኞቹም የታችኞቹም ተገኝተዋል፤ እርቁ አምሮ አልቋል፣ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። አየነው ተነሳ፣ አበጋር ይመር ቀደም አሉ፤ እሱም ዞር ብሎ በእጁ ሰላም አለንና ወደ ብርቱካኑ ገባ። እኛ ተቀምጠናል። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ እሱን ለማዳን ደረቱን የሚሰጥ ሕዝብ፣ ክብሩን ጠብቆለት ተቀምጧል። አንድ ጥይት ጮኸ። ቀጥሎ ሌላ። ታምኑኛላችሁ? አልተነሳንም! እርስ በርሳችን ተያየን። ብንነሳ እርቁ ሊፈርስ ነው፤ ተኩሱ ደግሞ የወፍ አባራሪ ይሁን የምን ይሁን ማን ያውቃል። በኋላ አንዲት ሴት ኡኡ ስትል ነው የሮጥነው። ራሱን አበጋር ይመር ጭን ላይ አድርጎ ነበር፤ እሳቸውን አልነኳቸውም። መኪና ተፈልጎ ወደ ደብረ ሲና ሲወጣ አቀበቱ ላይ አረፈ። ከኋላ የመጣው መርማሪ "ማንም ቢሸኘው እኮ ይህ አይሆንም ነበር" ሲል፣ የላይኞቹም የታችኞቹም ሽማግሎች አቀርቅረው ሰሙት። ማን እንደገደለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ታወቀ የሚሉም አሉ፤ እኔ ያላየሁትን አላወራም።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሱቄ ወሬ ይህ ነበር፦ ደምሴ ተርፎ አየነው ለምን ሞተ? አንዱ "ዕድሉ ነው" ይላል። ሌላው "ደምሴ ጠባቂ ነበረው" ይላል፤ ጠባቂዎቹ እኮ ግማሹን ቀን ጠጅ ቤት ነበሩ! አንዳንዴ ሬዲዮው የሆነ አገር መሪ መገደሉን ሲናገር ክርክሩ እንደገና ይነሳል። "ምን አጥፍቶ ነው?" ይላል አንዱ፤ ሌላው ደግሞ የዚያኑ አገር የከፋ መሪ ስም ይጠራና "ይኼኛው አርጅቶ በአልጋው ላይ አልሞተም እንዴ?" ይላል። ያኔ ሁሉም ወደ አግዳሚው ጫፍ ያያል፣ አየነው ይቀመጥበት ወደነበረው ቦታ። እኔም ጥያቄውን ይዤ ስንት ዓመት ስሰፋ ኖርኩ።

ይኸውላችሁ፣ ደብረ ሲና ላይ ያ ሰው ፊቴ ቁጭ ብሏል። ሾፌሩ ጡሩምባ እየነፋ ነው። እንዴት እንደ ደፈርኩ አላውቅም፣ ጠየቅሁት።

"አቶ ደምሴ፣ ያን ያህል ሰው ጠልቶዎት እርስዎን ለምን አልገደሉዎትም? ያንን ምስኪን ለምን?"

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አስፋልቱን እያየ፣ "ወርቁ፣ እኔን ቢገድሉኝ በማግስቱ እንደኔ ያለ ሌላ ይላካል። ይኼን ገበሬውም ያውቃል፣ ጥይት ሻጩም ያውቃል። ለምን ብለው ጥይት ያባክናሉ?" አለኝ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። "እሱን ሲገድሉት ግን እርቁ አብሮት ቆመ። ከእሱ በኋላ ማን ተሻገረ? ማንም። እኔ ስሰማ... ተወው እስቲ። ሂድ፣ መኪናህ ጥሎህ ይሄዳል።" ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የብርዱ ይሁን የሌላ አልጠየቅሁትም። ያን ሁሉ ዓመት የጠላሁት ሰው ያን ሰዓት አንጀቴን በላው። ቆሎ ገዝቼ በእጁ ላይ አደረግሁለት፣ ጥርስ እንደሌለው ትዝ ያለኝ መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ መስኮቱ በሙቀት እየከበደ ሲመጣ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው በጭንቅላቴ የሚዞረው። ልጄ የየትኛው ዓይነት ናት? ብትገደል አብሯት የሚቀር ነገር አለ? አለ እንጂ! መንገዱ ተዘግቶ ከርሟል፣ የዘንድሮው ማሾ በየጎተራው ነቅዟል፣ የላይኞቹና የታችኞቹ ጎረምሶች ዳግም ብረት አንስተዋል፤ ከአየነው ወዲህ ያን ወንዝ ባዶ እጁን ለመሻገር የተነሳ ሹም እሷ ብቻ ናት። ሌላ አባት በዚህ ይኮራል። እኔ ፈራሁ።

ዓርብ ከሰዓት ቤት መጣች። ነጠላዋን ወንበር ላይ ጣል አድርጋ ውኃ ስትጠጣ፣ እኔ ደምሴ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት፣ አየነውንም ነገርኳት፣ መቼም መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። ጨርሳ አዳመጠችኝ።

"ታዲያ እንደ ጋሼ ደምሴ ልሁንልህ አባዬ? ፍየል እየተቀበልኩ ዘጠና ዓመት ልኑርልህ?"

"አላልኩም!"

"ምንድን ነው ያልከው?"

"ቅሪ ነው ያልኩሽ! ሌላ ሰው ይሂድ።"

"ሌላ ሰውስ አባት የለውም?" አለችኝ። ሳቅ እያለች ነው ያለችው፣ እጇ ግን ብርጭቆውን አጥብቆ ይዟል። ፈርታለች። ልጄን አውቃታለሁ፣ ፈርታለች፣ ፈርታም ትሄዳለች። "ጠመንጃ አጅቦኝ ብሄድ ማን ቃሌን ይሰማል? አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ ያን ኮት በሰው ፊት ሁሉ የምታወድሰው?"

"ጠመንጃ አላልኩሽም" አልኳት። "ሰው ይሸኝሽ። ስትመለሺ ሰው ከኋላሽ ይከተል። እሱን ብቻ።"

አስካለ ከጓዳ ወጥታ በሩን ተደግፋ ታዳምጠን ነበር። ከዘራዬን አምጥታ ሰጠችኝ፤ እኔም በባጃጅ የዛሬው አበጋር ዘንድ ሄድኩ። አበጋር ኢብራሂም የአበጋር ይመር ልጅ ናቸው፣ የአባታቸውን ዝግ ያለ ድምፅ ወርሰዋል። ለምኜ አላውቅም፣ ያን ቀን ለመንኩ።

"አበጋር፣ እርቁ ሲያልቅ ሰው ተነስቶ ይሸኛት። ይህችን አንዲት ነገር ይለውጡልኝ።"

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ወንድም ወርቁ፣ አባቴ እስኪሞቱ ድረስ የዚያ ሰው ራስ ከጭናቸው ላይ አልወረደም። ሶላት ላይ እንኳ ያለቅሱ ነበር። ግን ልንገርህ፣ ሰዉ ከተነሳ እርቁ አልያዘም ማለት ነው። ያኛው ወገን ሲነሳ ይኼኛው ያያል፣ 'ተካዱን' ይላል፣ በማግስቱ ይተኳኮሳሉ። ያንተን ልጅ ላድን ብዬ የስንት ሰው ልጅ ላስገድል? ንገረኝ፣ አላህ ይወድልሃል፣ ንገረኝ።"

ያሉት እውነት ነው። ተሰናብቻቸው ወጣሁ፣ ባጃጁም ቆሞ እየጠበቀኝ መሆኑን ረስቼ በእግሬ ሄድኩ።

ቅዳሜ ከሁሉ ቀድሜ ከወንዙ ማዶ ተገኘሁ። የድሮው ብርቱካን ተነቅሎ ማንጎ ሆኗል፣ ከማንጎው ቀጥሎ ማሾ ነው፤ መንገዷ ግን ያችው ናት። ከዚህ የላይኞቹ ተቀመጡ፣ ከዚያ የታችኞቹ፤ እኔን ከሽማግሎቹ ጋር አስቀመጡኝ። ጠባቂዎቿ መሻገሪያው ላይ ቀሩ። ዱአው ሆነ፣ ሽማግሎች ተናገሩ፣ ፀዳለም ተናገረች፤ ምን እንዳለች አትጠይቁኝ፣ እኔ የማየው ማንጎውን ነበር፣ በየግንዱ ሥር። ጎረምሶቹ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ እናቶች እልል አሉ። አበጋር ኢብራሂም ተነሱ። ልጄም ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፣ ወደኔ ትክ ብላ አይታ ፊቷን መለሰች፣ ከአበጋሩ ኋላ መንገዷን ጀመረች።

ሕዝቡ ተቀምጧል። ወፍ ብቻ ነው የሚሰማው። ልነሳ ከዘራዬን ጨበጥኩ፤ የአበጋሩ ቃል ትዝ አለኝ። የስንት ሰው ልጅ። ከዘራዬን መልሼ ጭኔ ላይ አጋደምኩ፤ እሷ ደግሞ ወደ ማንጎው እየቀረበች ነው። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የከበደችኝ የለችም።

ከታችኞቹ መሀል አንድ ሽማግሌ ተነሳ። ማን እንደሆነ አላውቀውም፣ በዚያኛው ጊዜ ጎረምሳ የነበረ መሆን አለበት። አጠገቡ ያለው ሰው ሽርጡን ይዞ ጎተተው፤ "ተቀመጥ እንጂ! ዱአውን ልታፈርሰው ነው!"

"ያኔ ተቀምጠናል" አለ ሽማግሌው፣ ድምፁን ሳያነሳ። "ይበቃናል።"

ጎረምሶቹ ደንግጠው ወደ ላይኞቹ ዞሩ። ከላይኞቹ ወገን ደግሞ አንዲት አሮጊት በሁለት እጇ መሬቱን ተደግፋ ቀስ ብላ ተነሳች፤ ሽማግሌው ወዳለበት ሄዳ ከጎኑ ቆመች። ሁለቱ አብረው መራመድ ጀመሩ። ከዚያማ ማን ተቀምጦ ይቅር! ከዚህም ከዚያም እየተነሳ፣ የላይኛው ከታችኛው ተደባልቆ፣ መንገዱን ሞላው። አበጋር ኢብራሂም ዞር አሉ። ያንን ሁሉ ሰው አዩ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እኔ ከዘራዬን ተደግፌ እስክነሳ ሰዉ ሁሉ አልፎኝ ነበር። ከኋላ ከኋላ እያነከስኩ፣ አንገቴን እያሰገግኩ ልጄን ፈለግሁ፤ ከሰው ብዛት የቷ እንደሆነች መለየት አቃተኝ።